የሐቫና ሲጋርና የጉምሩክ ኬላ

ከሩቅ አገር የሚመለስ መንገደኛ ለራሱም ለወዳጅ ዘመዱም ጥቂት ዕቃ ይዞ መግባቱ በሰው ልጅ ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። መንግሥትም በበኩሉ በኬላው ቆሞ «ምን ይዘሃል? ስንትስ ነው?» ብሎ መጠየቁ ከዚህ ልማድ ያላነሰ ዕድሜ አለው። በመንገደኛው ሻንጣና በጉምሩክ ሹሙ ጠረጴዛ መካከል ብዙ ታሪክ አልፏል። ለዚህም ምሳሌ የሚሆን አንድ ዕቃ ቢፈለግ ከሐቫና ሲጋር የተሻለ አይገኝም። ሲጋር የምንለው በወረቀት የሚጠቀለለውን ሲጋራ ሳይሆን፣ ከትምባሆ ቅጠል ብቻ በእጅ የሚጠቀለለውን ወፍራሙን ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ትምባሆን ለማመስገን አይደለም፤ ጤናን የሚጎዳ መሆኑ የታወቀ ነውና። አሳቡ በአንዲት ትንሽ ዕቃ ላይ የወጣ ደንብ ስለ ሕግና ስለ ሕግ አውጪ ምን እንደሚያስተምር ለመመልከት ነው። በሚከተለው ትረካ የሚገኙት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ክሪስቶፎር ኮሎምቦስ በ1492 ዓ.ም. ኩባ ደሴት በደረሰ ጊዜ፣ ሉዊስ ዴ ቶሬስና ሮድሪጎ ዴ ሄሬስ የሚባሉ ሁለት ሰዎችን ወደ መሐል አገር ልኮ ነበር። እነርሱም የአገሩ ሰዎች ቅጠል ጠቅልለው በእሳት ለኩሰው ጢሱን ሲስቡ አይተው ተመለሱ። ቅጠሉ ከዚያ ወደ አውሮፓና ወደ እስያ ተሻግሮ በተስፋፋ ጊዜ ነገሥታቱ በሁለት መንገድ ተቀበሉት፤ አንዳንዶቹ ጨርሰው ከለከሉት፣ ሌሎቹ ቀረጥ ጣሉበት። የቱርኩ ሱልጣን ሙራድ 4ኛ በ1633 ዓ.ም. በሞት ቅጣት ከለከሉ። በአገራችንም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን አጥብቀው መከልከላቸው ይታወቃል። የእንግሊዙ ንጉሥ ጀምስ 1ኛ ግን በ1604 ዓ.ም. ትምባሆን የሚነቅፍ መጽሐፍ ከጻፉ በኋላ፣ በዚያው ዓመት በአንድ ፓውንድ ክብደት ላይ 2 ፔንስ የነበረውን ቀረጥ ወደ 6 ሺልንግ ከ10 ፔንስ ከፍ አደረጉት፤ ይኸውም አርባ አንድ እጥፍ መሆኑ ነው። ሰው ግን ማጨሱን አልተወም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ቀረጡን መቀነስ ግድ ሆነ።

በኩባ ደግሞ የእስፓኝ መንግሥት በ1717 ዓ.ም. የደሴቲቱ ትምባሆ ለንጉሡ ብቻ፣ ንጉሡ በወሰነው ዋጋ እንዲሸጥ ደንብ አወጣ። ገበሬዎቹም የድካማቸው ዋጋ ባሕር ማዶ ተቀምጦ በሚወስን ሰው እጅ መውደቁን ስላልታገሡ በሐቫና አካባቢ ደጋግመው ተነሡ፤ በ1723 ዓ.ም. የተነሣው ዐመፅም በሞት ቅጣት ተደመደመ። ዐመፁ ቢበርድም በስውር ለውጭ መርከቦች መሸጡ አልቀረም። ደንቡ የተሻረው መቶ ዓመት ከቆየ በኋላ በ1817 ዓ.ም. ነው።

ገበያው ሲከፈት ከደንበኞቹ ሁሉ የላቀችው ጎረቤት አገር አሜሪካ ሆነች። አሜሪካም በተጠቀለለው ሲጋር ላይ ከባድ ቀረጥ፣ በጥሬው ቅጠል ላይ ግን ቀለል ያለ ቀረጥ ስለ ጣለች፣ ቅጠሉን አሻግሮ እዚያው መጠቅለል ትርፍ የሚያስገኝ ሥራ ሆነ። በ1868 ዓ.ም. በኩባ የነጻነት ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ ቪሴንቴ ማርቲኔስ ኢቦር የሚባሉት የሲጋር ፋብሪካ ባለቤት በ1869 ዓ.ም. ሥራቸውን ከሐቫና ወደ ፍሎሪዳዋ ኪ ዌስት አዛወሩ። በ1885 ዓ.ም. ደግሞ በታምፓ አጠገብ መሬት ገዝተው፣ በስማቸው ኢቦር ሲቲ የተባለችውን ሰፈር ቆረቆሩ። በ1891 ዓ.ም. የኩባ ነጻነት አርበኛ ሆሴ ማርቲ ወደዚያ ሄዶ ንግግር ባደረገ ጊዜ፣ ሲጋር ጠቅላዮቹ ከደመወዛቸው እያዋጡ ትግሉን ረዱ፤ በ1895 ዓ.ም. የተጀመረውም ጦርነት ከዚህ መዋጮ ብዙ ድጋፍ አግኝቷል። እንግዲህ በቀረጥ ሰንጠረዥ ላይ የተጻፈች የቁጥር ልዩነት ከተማ ለመቆርቆር፣ ከዚያም አልፋ ለአንድ ሕዝብ ነጻነት ለመርዳት የምትበቃ መሆንዋን ልብ ይሏል።

ወደ ዋናው ነገራችን የምንደርሰው ከ1959 ዓ.ም. የኩባ አብዮት በኋላ ነው። አዲሱ መንግሥት በ1960 ዓ.ም. የሲጋር ፋብሪካዎቹን ወረሰ፤ በሁለቱ አገሮች መካከል ያለውም ጠብ እየከረረ ሄደ። ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲም ከኩባ ጋር የሚደረገውን ንግድ የሚያግደውን ዐዋጅ በፌብሩዋሪ 3 ቀን 1962 ዓ.ም. ፈረሙ። ዐዋጁ በሥራ ላይ የዋለው ከፌብሩዋሪ 7 ቀን ጀምሮ ነው።

የጋዜጣ ጉዳይ ጸሐፊያቸው የነበሩት ፒየር ሳሊንጀር በ1992 ዓ.ም. በጻፉት ትዝታ እንደ ተረኩት፣ ነገሩ እንዲህ ነበረ። ዐዋጁ ከመፈረሙ በፊት አንድ ቀን ማታ ፕሬዚዳንቱ አስጠርተዋቸው፣ እስከ ማግሥቱ ጧት ድረስ ፔቲ ኡፕማን የሚባለውን የኩባ ሲጋር አንድ ሺህ ያህል እንዲያገኙላቸው አዘዙ። ሳሊንጀርም ሱቁን ሁሉ ዞረው በማግሥቱ 1,200 ማግኘታቸውን አስታወቁ። ፕሬዚዳንቱም ይህን ሲሰሙ ፈገግ ብለው የጠረጴዛቸውን መሳቢያ ከፈቱና፣ የኩባ ዕቃ ወደ አገር እንዳይገባ የሚከለክለውን ወረቀት አውጥተው ፈረሙበት።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ለሣቅ ይነገራል። የኋለኛው ግን እምብዛም አይነሣም። በዚያው በ1962 ዓ.ም. በሜይ ወር ሳሊንጀር ወደ ሞስኮ ሄደው በነበረ ጊዜ፣ ኒኪታ ክሩሽቾቭ 250 የኩባ ሲጋር የያዘ ሣጥን ሸለሟቸው። ሳሊንጀርም ራሳቸው ሲጋር ወዳድ ስለ ነበሩ፣ መልክተኛ በመሆናቸው በተሰጣቸው መብት ሣጥኑን ያለ ፍተሻ ይዘው ገቡ፤ ደስ ብሏቸውም ለፕሬዚዳንቱ ነገሩ። ኬኔዲ ግን ነገሩ ቢሰማ ታላቅ ነቀፋ እንደሚያመጣ ገልጠው፣ ሲጋሩን ሁሉ ለጉምሩክ ሹም እንዲያስረክቡ አዘዟቸው፤ እንደ ታዘዙትም አስረከቡ።

ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጠን እንመርምር። የመጀመሪያው በሕግ ሚዛን ቢታይ ጥፋት የለበትም፤ ዕቃው በተገዛበት ሰዓት ክልከላው ገና አልተፈረመምና። ነገር ግን የሚመጣውን አስቀድሞ ያወቀው ፈራሚው ብቻ ነበረ፤ ተራው አጫሽም ሆነ ባለሱቁ አላወቀም። በሁለተኛው ጊዜ ግን ዕቃው ስጦታ ነበረ፤ ከኬላውም ያለ ፍተሻ አልፏል፤ ሣጥኑን ያየ ባዕድም አልነበረም። ሆኖም ሕጉን የፈረመው እጅ ሕጉን በቤቱ ሰው ላይ አጸና። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» ያሉት ይህን ለመሰለው ነገር ነው። ሰውን የሚያስቆጣው የደንቡ ክብደት ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ደንቡ ለአንዱ ጠብቆ ለሌላው መላላቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ የመንገደኛው ዕጣ እንደ ፖለቲካው ነፋስ ሲለዋወጥ ኖሯል። በፈቃድ ወደ ኩባ የሄደ አሜሪካዊ እስከ 100 ዶላር የሚያወጣ የኩባ ዕቃ ለራሱ ይዞ እንዲመለስ ተፈቅዶለት ነበር፤ ይህ በ2004 ዓ.ም. ተከለከለ። በፕሬዚዳንት ኦባማ ጊዜ፣ በጃንዋሪ 2015 ዓ.ም. በወጣው ደንብ እስከ 400 ዶላር የሚደርስ ዕቃ እንዲገባ ሲፈቀድ፣ ከዚህ ውስጥ የትምባሆውና የመጠጡ ዋጋ አንድ ላይ ከ100 ዶላር እንዳይበልጥ ተወሰነ። በኦክቶበር 2016 ዓ.ም. ይህም ገደብ ተነሥቶ፣ ሲጋሩ ለራስ መጠቀሚያ እስከ ሆነ ድረስ እንደ ሌላው አገር ዕቃ በተራው የቀረጥ ደንብ፣ ማለትም እስከ 100 ሲጋር ያለ ቀረጥ፣ እንዲገባ ሆነ። አራት ዓመት ሳይሞላ በሴፕቴምበር 2020 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ትራምፕ ጊዜ በወጣው ደንብ የኩባን ሲጋር በሻንጣ ይዞ መግባት እንደገና ተከለከለ። አንድ መንገደኛ በ2003፣ በ2005፣ በ2017ና በ2021 ዓ.ም. ያንኑ አንድ ሣጥን ይዞ ቢመለስ፣ በኬላው የሚጠብቀው መልስ በየጊዜው የተለያየ ነበር ማለት ነው። ሲጋሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ደንቡ ነው።

ገደብ የሚያበጀው ግን የሚቀበለው አገር ብቻ አይደለም። ኩባ ራሷ የስውር ንግድንና አስመስሎ መሥራትን ለመከላከል በሣጥኑ ላይ የመንግሥት ማኅተም ትለጥፋለች፤ ከተወሰነ ቁጥር በላይ ይዞ የሚወጣውንም መንገደኛ ከሕጋዊ ሱቅ የገዛበትን ደረሰኝ ትጠይቃለች። እንግሊዝም ከውጭ ለሚገባ መንገደኛ 50 ሲጋር ያለ ቀረጥ ትፈቅዳለች። ይህ ቁጥር ከሰማይ የወረደ አይደለም። «እስከዚህ ድረስ ለራስህ ነው ብለን እናምንሃለን፤ ከዚህ ካለፈ ግን ነጋዴ ነህና እንደ ነጋዴ ክፈል» ማለት ነው። እንግዲህ ቁጥሩ በመንግሥትና በመንገደኛ መካከል የቆመ የመተማመን ድንበር ነው።

ድንበር የሚከበረው ደግሞ ከሁለቱም ወገን ሲጠበቅ ነው። መንገደኛው ከመነሣቱ በፊት የሚሄድበትንም የሚመለስበትንም አገር ደንብ ጠይቆ ይወቅ፤ ደረሰኙን ይያዝ፤ ሲጠየቅም የያዘውን በእውነት ይናገር። ሹሙ ደግሞ ማኅተሙን ከማሳረፉ በፊት ደንቡ ለራሱና ለዘመዱም እኩል መሥራቱን ይመርምር። አንድ ሺህ ሁለት መቶው ሲጋር በጢስ አልቆ ወሬው ለጨዋታ ተርፏል፤ ለጉምሩክ ሹም የተመለሰው ሣጥን ግን ለእኛ መዝገብና ማኅተም በእጃችን ላለ ሰዎች ትምህርት ሆኖ ይኖራል።