ወናፍ፣ እጅና እግር፦ የጀማሪ ኦርጋን ተጫዋቾች ሥልጠና በአውሮፓ

በአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት ኦርጋን መለማመድ ለብዙ ዘመናት ሁለት ሰው የሚጠይቅ ሥራ ነበር፤ አንዱ ሲጫወት ሌላው ወናፍ ይረግጣል። የቧንቧ ኦርጋን ቁልፉ ሲጫን መክደኛው ይከፈትና ከወናፉ የመጣው አየር ቧንቧውን ያስጮኸዋል። አየር ከሌለ መሣሪያው ዝም ይላል። ስለዚህ ተማሪው ባሻው ሰዓት መለማመድ አይችልም ነበር፤ ረጋጩ ክፍያ ይፈልጋል፣ በክረምትም እሳት የማይነድበት ቤተ ክርስቲያን ጣት ያደነዝዛል።

መሣሪያው ጥንታዊ ነው። መነሻው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን ክቴሲቢዮስ በእስክንድርያ የሠራው፣ የአየሩ ግፊት በውኃ የሚጠበቅለት ኦርጋን ነው። እ.ኤ.አ. በ757 የቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ 5ኛ ለፍራንኮች ንጉሥ ለፔፒን ኦርጋን በስጦታ ላከ። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ክፍለ ዘመናት መሣሪያው ወደ ገዳማትና ካቴድራሎች ገባ።

ሙያው የሚወረሰው ከመምህር በማየት፣ በመስማትና በመገልበጥ ነበር። የኑረምበርጉ ኮንራድ ፓውማን፣ ከውልደቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ቢሆንም፣ በ1452 የተጻፈ የኦርጋን መማሪያ በስሙ ቀርቷል። መማሪያው በዝግታ ከሚሄድ ዜማ በላይ ፈጣን ድምፆች እንዴት እንደሚደረደሩ በምሳሌ ያሳያል። በመስማት መማር ግን ከዚያም በኋላ ቀጥሏል፤ በ1705 የ20 ዓመቱ ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ኦርጋን ተጫዋቹን ቡክስተሁደን ለመስማት ከአርንሽታት እስከ ሉቤክ በእግሩ ተጓዘ። የተፈቀደለት 4 ሳምንት ሲሆን 4 ወር ያህል ቆየ።

ባኽ በኋላ በቫይማር የጀመረው «ኦርገልቡክላይን» የተሰኘው መጽሐፍ በርዕስ ገጹ ላይ ለጀማሪ ኦርጋን ተጫዋች የተዘጋጀ መሆኑን ይገልጻል። 164 የመዝሙር ዜማዎችን እንዲይዝ ታስቦ 46 ያህሉ ብቻ ተሠርተዋል። ዓላማው ተማሪው መዝሙርን በልዩ ልዩ መንገድ ማስፋትና በእግር መጫወት እንዲለምድ ነው፤ እግሮቹም የራሳቸው ዜማ አላቸው። ይህን ያለ ወናፍ ረጋጭ ለመለማመድ ተማሪዎች በየቤታቸው የእግር ቁልፍ የተገጠመለት ክላቪኮርድ የተባለ ባለክር የቁልፍ መሣሪያ ይጠቀሙ ነበር።

ሌላው ፈተና ድምፅ ማያያዝ ነው። ጣት ሲነሣ የኦርጋን ድምፅ ወዲያው ይቆረጣል። ቤልጂየማዊው ዣክ ኒኮላ ሌመንስ በ1862 ባሳተመው መማሪያ አንዱ ቁልፍ እንደተጫነ ጣትን በጣት መተካትን፣ በእግርም ጫፍና ተረከዝን ማፈራረቅን በሥርዓት አስተማረ። ፈረንሳውያኑ ኦርጋን ተጫዋቾች ዊዶርና ጊልማን የእሱ ደቀ መዛሙርት ነበሩ።

በ1842 አሌክሳንደር ደበን በፓሪስ የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው ሃርሞኒየም የወናፍ ረጋጩን ሥራ ለተጫዋቹ እግር ሰጠው። ቧንቧ ስለሌለውና ርካሽ ስለሆነ ለትናንሽ አብያተ ክርስቲያናትና ለፍሪሜሰን ማኅበር መሰብሰቢያዎች (ሎጆች) ተስማማ። በሎጅ ተጫዋቹ አባላት ሲገቡ፣ ሲዞሩና ሥርዓቱ ፋታ ሲያገኝ የሚሞላ አጭር ሙዚቃ ይጠበቅበታል። በ1922 የሄልሲንኪ ሎጅ አባል የሆነው ፊንላንዳዊው የሙዚቃ ደራሲ ዣን ሲቤልየስ እዚያው ሃርሞኒየም ይጫወት ነበር፤ በ1927ም ለሥርዓቱ የሚሆኑ ዜማዎች ደረሰ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነፋሽ ወናፍ ረጋጩን ተካ። በ1935 ለገበያ የቀረበው የሃመንድ ኤሌክትሪክ ኦርጋን ደግሞ ቧንቧም ወናፍም አላስፈለገውም። ጀማሪው ከዚያ ወዲህ በቤቱም ሆነ በቤተ ክርስቲያን የማንንም እርዳታ ሳይጠብቅ መለማመድ ቻለ።