የብረት አርና የእንግሊዝ ጐዳና

ብረት በምድጃ ቀልጦ ከአፈሩ በሚለይበት ጊዜ በላዩ ሰፍፎ የሚወጣው፥ ሲበርድም ወደ ድንጋይነት የሚለወጠው የብረት አር፥ በአቅላጮች ዘንድ የማይረባ ሸክም ሆኖ ሲቈጠር የኖረ ቢሆንም፥ ሮማውያን እንግሊዝን በገዙበት ዘመን ከለንደን ወደ ሉዊስ የሚያወጣውን ጐዳና በዚሁ አር አልብሰውት እንደ ነበረ፥ እርሱም በዝገት እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ጸና፥ በሳሴክስ ሆልታይ በተባለው ስፍራ ተቈፍሮ የተገኘው ቅሪት ይመሰክራል።

ወደ እኛ ዘመን ስንቀርብ፥ ስኮትላንዳዊው ጆን ላውደን ማክአዳም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ያስፋፋው የደቀቀ ድንጋይ መንገድ ለፈረስና ለሠረገላ የሚበቃ ነበር፤ አውቶሞቢል በተነሣ ጊዜ ግን ፈጣኑ ጎማ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ደቃቅ እየመጠጠ ስላወጣው፥ መንገዱ ይላላ፥ መንገደኛውም አቧራ ይለብስ ጀመር።

በ1901 (እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) የኖቲንግሃምሻየር የመንገድ መሐንዲስ ኤድጋር ፐርኔል ሁሊ በዴንቢ የብረት ማቅለጫ አጠገብ ሲያልፍ፥ የሬንጅ በርሜል ወድቆ የፈሰሰበትን፥ ሰዎችም ፈሳሹን ለመሸፈን የብረት አር የበተኑበትን ስፍራ ልስልስና አቧራ የማይነሣበት ሆኖ አግኝቶ በአንክሮ ተመለከተው ይባላል። ትውፊት ሲነገር እየተዋበ ይሄዳል፤ በ1902 ያገኘው የፈጠራ መብት ግን በመዝገብ ያለ ነው። ምስጢሩም ሬንጁን አግሎ ከአሩ ጋራ አስቀድሞ በመኪና ማዋሐድ፥ ከዚያም አንጥፎ በእንፋሎት መዳመጫ ማጥበቅ ነበር። ሬንጁም ራሱ ለከተሞች መብራት ጋዝ ከድንጋይ ከሰል ሲወጣ የሚተርፍ ጥቁር ዝቃጭ ነበረና፥ የተናቁት ሁለቱ በኖቲንግሃም በራድክሊፍ መንገድ ላይ ተጋቡ።

ሁሊ መሐንዲስ እንጂ ነጋዴ አልነበረም። በ1903 ያቋቋመው ማኅበር ገበያ ስላልቀናው፥ የዎልቨርሃምፕተን ብረት ፋብሪካ ባለቤትና የምክር ቤት አባል የነበሩት ሰር አልፍሬድ ሂክማን በ1905 «ታርማክ» በሚል ስም እንደ ገና አቆሙት። ብዙዎች የሁሊን ዓይን ያመሰግናሉ፤ እኔ ግን ለነገሩ መስፋፋት ይበልጥ የሠራው በሂክማን ፋብሪካ ግቢ የተቈለለው የአር ተራራ ይመስለኛል፤ መሬት ያጣበበበትን ክምር በዋጋ የሚወስድለት ያገኘ ባለ ፋብሪካ ለመንገድ ሥራ ምን ያህል እንደሚተጋ መገመት አያዳግትምና።

የከሰሉ ሬንጅ ክብር ግን እስከ ፍጻሜ አልዘለቀም። የጋዝ ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ ስፍራውን ከነዳጅ ማጣሪያ የሚተርፈው ሬንጅ ወረሰው፤ የፊተኛው ነቀርሳ የሚያመጣ ንጥረ ነገር እንዳለበት ስለ ታወቀም፥ ዛሬ በእንግሊዝ አሮጌ ጐዳና ሲቈፈር ፍርስራሹ ይመረመራል፥ መጠኑ ከተወሰነው ያለፈውም እንደ አደገኛ ጥራጊ ተለይቶ ይወገዳል፤ የብረቱ አር ግን እየተሰበረ አሁንም ለመንገድ ይነጠፋል።