ቀይ ኮት፣ የተጣፈ ጅባ፣ ነጭ ቶብ

በፊልም ሰዎች ዘንድ ሲነገር የኖረ አንድ ወግ አለ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊፈነዳ ጥቂት ሲቀረው «አራቱ ላባዎች» የተሰኘው ፊልም እየተቀረጸ ነው። ሃንጋሪያዊው ዞልታን ኮርዳ ዳይሬክተር፣ ታላቅ ወንድሙ አሌክሳንደር ደግሞ ፕሮዲዩሰር ነው። የእንግሊዝ መኮንኖች ከወይዛዝርት ጋር የሚጨፍሩበት ትዕይንት ተዘጋጅቶ ሳለ አሌክሳንደር ብቅ ይላል። መኮንኖቹ ሰማያዊ ለብሰዋል። ለምን ቀይ እንዳልለበሱ ሲጠይቅ፣ የወታደራዊ ጉዳይ አማካሪው በግል ግብዣ ላይ ደንቡ ሰማያዊ መሆኑን በትሕትና ያስረዳዋል። አሌክሳንደር በደንቡ አልተከራከረም። ፊልሙ በቴክኒከለር፣ ማለትም በቀለም፣ እንደሚቀረጽ ብቻ አስታወሳቸውና ሁሉም ልብሱን እንዲቀይር አዘዘ። ቀይ ለበሱ።

ወጉ የሚያስቅ ነው፤ ከሳቁ ይልቅ ግን ስሌቱ ያስገርማል። የፊልሙ ታሪክ የሚያልቀው በ1898 ካርቱም አጠገብ በተደረገው የኦምዱርማን ጦርነት ነው (ዓመቶቹና ወራቱ፣ ሌላ ካልተባለ፣ የፈረንጆች ናቸው)። በዚያ ዘመቻ የእንግሊዙ ጄኔራል የኪችነር ጦር የለበሰው ካኪ ነበር። ካኪ ማለት የአሸዋ ቀለም ነው፤ አሸዋው ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። በዘመኑ እጅግ ውድ የነበረውን የቀለም ካሜራ እስከ ሱዳን ድረስ አጓጉዞ ቡኒ በቡኒ ላይ መቅረጽ ለፕሮዲዩሰር ኪሳራ ነው። ስለዚህ ከጦር ሜዳው የጠፋው ቀይ በጭፈራው አዳራሽ ተካካሰ። ቴክኒከለር ኩባንያ ካሜራውን የሚያከራየው ከራሱ የቀለም አማካሪ ጋር ስለነበር ናታሊ ካልመስ የተባለችው ሴት በዚህም ፊልም ላይ ስሟ ሰፍሯል። የእሷ እምነት ደማቅ ቀለም ተቆጥቦ ለዋናው ነገር ይዋል የሚል ነበር። አሌክሳንደር ኮርዳ ቁጠባ የሚወድ ሰው አልነበረም።

የጀግናን ልብስ ቀለም የሚመርጠው ታሪክ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ የልዕለ ጀግኖቹን ፊልሞች ይመልከት። ሱፐርማን በ1938 በሰማያዊና በቀይ የተወለደው ርካሹ የመጽሔት ወረቀት የሚሸከመው ድፍንና ደማቅ ቀለም ስለነበር ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጆርጅ ሪቭስ በቴሌቪዥን ሲጫወተው፣ ቀረጻው በጥቁርና ነጭ ስለነበር፣ ልብሱ በእውኑ ቡኒና ግራጫ ነበር፤ ቀይና ሰማያዊው በፊልሙ ላይ ተቀራርበው እንዳይደበላለቁ ነው። ሃልክ በ1962 የመጀመሪያው እትሙ ላይ ግራጫ ነበር፤ ማተሚያ ቤቱ ግራጫውን ከገጽ ገጽ አንድ ዓይነት ማድረግ ስላቃተው በሁለተኛው እትም አረንጓዴ ሆኖ መጣ። የኤክስ-ሜን ጀግኖች በ2000 ወደ ፊልም ሲሻገሩ ደማቁ ልብሳቸው ያሳፍራል ተብሎ ጥቁር ቆዳ አለበሷቸው፤ ዎልቨሪን ቢጫውን በፊልም ለመልበስ እስከ 2024 ጠበቀ። በየቦታው የሚወስነው መሣሪያው፣ ወይም የተመልካቹ ሐፍረት ነው።

ካርቱም ላይ ግን ነገሩ ይለያል። እዚያ የጀግናውን ልብስ ቀለም ፊልም ሳይመጣ በፊት አስበውበት የመረጡ ሰዎች ነበሩ።

ሙሐመድ አሕመድ በሰኔ 1881 በአባ ደሴት «ማህዲ ነኝ፣ የሚጠበቀው መሪ» ብሎ ሲነሳ አገሪቱን ከ1821 ጀምሮ የሚገዟት ከግብፅ የመጡ የቱርክ ሹማምንት ነበሩ። የእነሱ መለያ ታርቡሽ የሚባል ቀይ ቆብ፣ ባለ ቁልፍ ኮትና ሱሪ ነው። ማህዲው ለተከታዮቹ ለአንሷሮች ያዘዘው የዚህን ተቃራኒ ነበር፦ ከጥጥ የተሠራ ሸካራ ነጭ እጀ ጠባብ፣ ላዩ ላይ የተለያየ ቀለም ያለው እራፊ የተጣፈበት። ጅባ ይሉታል። ሐሳቡ የመጣው ከሱፊ ድኾች ነው፤ ልብሱ ሲያልቅ ጥፎ የሚለብስ፣ ዓለምን የናቀ ሰው ምልክት ነው። ለእኛ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ባሕታዊ ወይባ ለብሶ ሲመጣ ቀለሙ ብቻውን ምን እንደሚናገር አበሻ ያውቃል።

የጅባው ታሪክ ግን እዚህ አልቆመም። ማህዲው ካርቱምን በጥር 1885 ከያዘ በኋላ ብዙም ሳይቆይ በሰኔ ሞተ፤ ተተኪው ኸሊፋ አብዱላሂ ከኦምዱርማን ሆኖ 13 ዓመት ገዛ። በዚያ ዘመን መጣፊያው የድህነት ማስረጃ መሆኑ ቀረና መለዮ ሆነ። ቀዳዳ ለመድፈን መዋሉ ቀርቶ ቀይ፣ ሰማያዊና ጥቁር እራፊ በአራት ማዕዘን ተቆርጦ በግራና በቀኝ እኩል ይሰፋ ጀመር። የአለቆቹ ጅባ ከተራው ሰው የላቀ ጨርቅና ደረቱ ላይ ያጌጠ ኪስ ነበረው። ሲጀመር የባለጠጋን ልብስ የሚሳለቅ የነበረ ነገር ራሱ የባለሥልጣን ልብስ ሆነ። ይህ ለማህዲያው መንግሥት የሚያስመሰግን ታሪክ አይደለም፤ ለአልባሳት ባለሙያ ግን ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም። በ1882 የሚሆን ትዕይንት ውስጥ ያለ አንሷር ልብሱ በእውነት ያለቀ፣ መጣፊያው የተዘበራረቀ መሆን አለበት፤ በ1898 ያለው ደግሞ በልክ የተሰፋ። በአንድ ልብስ ላይ የአንድ አብዮት አነሳስና እርጅና ይታያል።

ሰንደቁም የራሱ ሥርዓት ነበረው። የኸሊፋ አብዱላሂና «በጋራ» የሚባሉት የምዕራቡ ጎሣዎች ጦር በጥቁር ሰንደቅ ሥር ይሰለፋል። የማህዲው ዘመዶችና የአባይ ዳር ሰዎች በሌላው የማህዲው ኸሊፋ በሸሪፍ ቀይ ሰንደቅ፣ የነጭ አባይ ጎሣዎች ደግሞ በኸሊፋ ዓሊ ወድ ሒሉ አረንጓዴ ሰንደቅ። ከሩቅ ሆኖ ሰንደቁን ያየ ማን እንደመጣበት ያውቃል። መስከረም 2 ቀን 1898 በኦምዱርማን አጠገብ በከረሪ ሜዳ ይህ ሁሉ ቀለም ወደ ካኪው ጦር ሲገሰግስ መድፍና መትረየስ ጠበቀው። ከማህዲያው ወገን ከ10,000 በላይ ሰው ወደቀ፤ ከኪችነር ወገን የሞቱት 50 አይሞሉም። አሸናፊው ጅባዎቹን ከሜዳው እየለቀመ ለመታሰቢያ ወሰዳቸው።

ሀገራችንም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለች። ድርቡሽ ብለን የምናውቃቸው እነዚሁ ናቸው። በ1888 ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሣር ውሃ ላይ ድል ነስተው ጎንደርን ያቃጠሉት፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ደግሞ መተማ ላይ አፄ ዮሐንስን የገጠሙት ጅባ ለባሾች ናቸው። የንጉሠ ነገሥቱ ራስ ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። የእኛ ሠዓሊዎች ጦርነት ሲስሉ የራሳቸው ሕግ ነበራቸው፦ ወዳጅ ሙሉ ፊት በሁለት ዓይን፣ ጠላት በጎንዮሽ በአንድ ዓይን። በቀለም ሳይሆን በዓይን ፈረዱ። ከቴክኒከለር አማካሪዎች የተሻለ ዘዴ ነው ባይ ነኝ፤ ቢያንስ ልብሱ እንደነበረ እንዲሳል ዕድል ይሰጣል።

ወደ ፊልሞቹ እንመለስ። የኤ.ኢ.ደብልዩ. ሜሰን ልቦለድ በ1902 ከታተመ ወዲህ «አራቱ ላባዎች» ደጋግሞ ተቀርጿል፤ ድምፅ አልባም፣ ባለ ድምፅም፣ ለቴሌቪዥንም። ሐሳቡ ራሱ የቀለም ነው፦ ጦርነት ሲመጣ ሥራውን የለቀቀ መኮንን ነጭ ላባ ይላክለታል። ነጭ ላባ ለእንግሊዞች የፈሪ ምልክት ነው። ነጭ ልብስ ለብሶ ታቦት የሚያጅብ አገር ሰው ይህን ሲያይ ትንሽ ግር ሊለው ይችላል። የ1939ኙ ፊልም ከነዘመኑ የቅኝ ገዢ ዓይን ጋር በሥፍራው በሱዳን በረሃ ስለተቀረጸ ብርሃኑ የእውነት ነው፤ በሜዳው የሚሮጡት አጃቢዎችም የአገሩ ሰዎች ናቸው። በ1955 ዞልታን ኮርዳና ቴረንስ ያንግ «ማዕበል በአባይ ላይ» ብለው ታሪኩን ሲደግሙት የድሮውን የጦርነት ቀረጻ እየመዘዙ ለሰፊው ሸራ ለጥጠው ተጠቀሙበት። አዲሶቹ ተዋንያን ከአሮጌው ቀረጻ ጋር መመሳሰል ነበረባቸውና ልብሳቸውን የመረጠላቸው የ1939ኙ ካሜራ ነው ማለት ይቻላል።

የ2002ቱ ሄዝ ሌጀር የተጫወተበት ፊልም ከሁሉም የባሰ ነው። የአቡ ክሌያን ጦርነት ሲያሳይ የእንግሊዝ ወታደሮችን በበረሃ መካከል ቀይ ኮት አልብሷቸዋል። በጥር 1885 በእውነተኛው አቡ ክሌያ የተዋጋው የግመል ጦር ግራጫ ለብሶ ነበር። የሚያሳዝነው፣ ዳይሬክተሩ ቀይ ከፈለገ ታሪክ ራሱ ያዘጋጀለት ቦታ ነበረው፦ እንግሊዞች ቀይ ኮት ለብሰው የተዋጉበት የመጨረሻው ጦርነት በዚያው በሱዳን፣ ጊኒስ ላይ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 1885 የተደረገው ነው። ቀዩ ኮት የሞተበት አገር ላይ ቀዩን ኮት ያለ ቦታው ማስነሳት ስንፍና እንጂ ጥበብ አይደለም።

«ካርቱም» የተሰኘው የ1966 ፊልም በግብፅ ነው የተቀረጸው። ቻርልተን ሄስተን ካርቱምን ይከላከል የነበረውን የእንግሊዝ ጄኔራል ጎርደንን፣ ሎረንስ ኦሊቪየር ማህዲውን ሆነው ፊት ለፊት ይነጋገራሉ፤ በእውነቱ ሁለቱ ሰዎች ተያይተው አያውቁም። ጎርደን ላይ የምናየው ቀይ ታርቡሽ ከጆርጅ ዊሊያም ጆይ የ1893 ሥዕል ጀምሮ የሰማዕት ዘውድ ሆኖ ኖሯል። ለካርቱም ሰው ግን ያ ቆብ የግብር ሰብሳቢው ቆብ ነበር፤ ሕዝቡ ያመፀው በእሱ ላይ ነው። በኦሊቪየር ላይ ደግሞ የቀለም ምርጫው ከልብሱ አልፎ ወደ ቆዳው ደረሰ፦ ነጩ ተዋናይ ፊቱን ጥቁር ተቀብቶ ሱዳናዊ ሆነ። የአገሪቱ ትልቁ የታሪክ ሰው በዋና ከተማዋ ስም በተሰየመ ፊልም ውስጥ የራሱ ፊት እንኳ አልተሰጠውም።

ሱዳናውያን በራሳቸው እጅ ቀለም ሲይዙ ሌላ ነገር ወጣ። ካርቱም ውስጥ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ይታተም በነበረው «አስ-ሲብያን» የልጆች መጽሔት ላይ «አሙክ ታንጎ» የሚባለውን ባለ ሥዕል ታሪክ የሳለው ሸርሐቢል አሕመድ ነው፤ የሱዳን ጃዝ ንጉሥ የሚባለው ዘፋኙ ራሱ። ጀግናው የሚበር ልዕለ ሰው ሳይሆን የሰፈር አጎት ነው። በ1977 ጋደላ ጉባራ የምሥራቅ ሱዳንን የፍቅር አፈ ታሪክ «ታጁጅ»ን ወደ ፊልም አመጣ። ከ1989ኙ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ግን ሲኒማ ቤቶቹ እየተዘጉ ሄዱ፤ ትልልቅ ፊልሞች መሥራት ለአንድ ትውልድ ያህል ሕልም ሆነ።

እንግዲህ በሚያዝያ 2019 የካርቱም የመጀመሪያዋ ልዕለ ጀግና የተወለደችው በሲኒማ ሳይሆን በጎዳና መሆኑ አይገርምም። አላ ሳላሕ፣ የ22 ዓመት የአርክቴክቸር ተማሪ፣ በጦር ኃይሉ ዋና መሥሪያ ቤት አጠገብ በተሰበሰበው ሕዝብ መካከል መኪና ላይ ቆማ ጣቷን ወደ ሰማይ ቀሰረች። ላና ሃሩን በስልኳ ያነሳችው ፎቶ ዓለምን ዞረ። ልጅቷ ነጭ ቶብ ለብሳለች፤ ጆሮዋ ላይ እንደ ጨረቃ ክብ የወርቅ ጉትቻ። ሕዝቡ «ካንዳካ» አላት፤ በሐዋርያት ሥራ ውስጥ ጃንደረባዋን የምናውቀው የህንደኬ ማዕረግ፣ የሜሮዌ ንግሥቶች ስም ነው።

ቶብ አራት ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያለው የሱዳን ሴቶች መጎናጸፊያ ነው። ለሠርግ፣ ለድግስ ሲሆን ቀለሙ ያሸበርቃል። ነጩን ግን የሚለብሱት ወደ ሥራ የሚሄዱት ናቸው፤ አስተማሪዋ፣ ነርሷ፣ የቢሮ ሠራተኛዋ። እናቶችና አያቶች በቀደሙት አመፆች ጊዜ ለብሰውት ወጥተዋል፤ ባል የሞተባትም ነጭ ትለብሳለች። ማንም የአልባሳት ባለሙያ ተቀምጦ ቢያስብ ይህን ያህል ትርጉም በአንድ ቀለም ላይ መጫን አይችልም። ለስልክ ካሜራም ቢሆን፣ የምሽቱን ብርሃን ተቀብሎ ከጥቁሩ ሕዝብ መሐል ነጥሮ የሚወጣ ከነጭ የተሻለ አይገኝም። አሌክሳንደር ኮርዳ ቢያይ ደስ ይለው ነበር፤ ልዩነቱ ልጅቷን ማንም «ልብስሽን ቀይሪ» ብሎ አላዘዛትም። በሰኔ 3 የተቃውሞው ሥፍራ በደም ከተበተነ በኋላ ደግሞ ከተገደሉት መካከል አንድ ወጣት ይወደው የነበረው ሰማያዊ የሐዘኑ ቀለም ሆነ፤ ሰዎች በማኅበራዊ ገጾቻቸው ላይ ፎቷቸውን በሰማያዊ ተኩት።

ይህን ታሪክ በፊልም ማን ይሠራዋል? የሱዳን ሲኒማ በ2019 እንደገና ተነስቶ ነበር። አምጃድ አቡ አላላ የሃሙር ዚያዳን አጭር ልቦለድ «በሃያ ዓመትህ ትሞታለህ» ብሎ ሠራ፤ መሐመድ ኮርዶፋኒ «ደህና ሁኚ ጁሊያ»ን በ2023 ካን የፊልም ፌስቲቫል አደረሰ። ያ ፊልም በካን ሲታይ ግን ካርቱም ከሚያዝያ 15 ጀምሮ በጦርነት እየነደደች ነበር። በ1971 የተከፈተው፣ ከአስዋን ግድብ ውኃ የተረፉት የፋራስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች መኖሪያ የሆነው ብሔራዊ ሙዚየም ተዘረፈ። ዛሬ ሱዳናዊት የአልባሳት ባለሙያ የአያቷን ዘመን ጅባ በእጇ ነክታ ቀለሙን ለመለካት ብትፈልግ፣ ቀላሉ መንገድ የከረሪ ምርኮ ወዳለበት ወደ ብሪቲሽ ሙዚየምና ወደ ሌሎች የእንግሊዝ ስብስቦች መሄድ ነው።

እኛም ዘንድ ስለ አፄ ዮሐንስና ስለ መተማ ፊልም የመሥራት ሐሳብ ያላችሁ ልጆች ካላችሁ፣ አንድ ልመና አለኝ። በጀታችሁን ሁሉ ለፈረስና ለጠመንጃ አታውሉት። መተማ ላይ የድርቡሾች አዛዥ የነበረውን የዘኪ ተማልን ጦር ከመርካቶ በተገዛ ነጭ ጀላቢያ አልብሳችሁ እንደ አንድ መንጋ አታሯሩጡት። ጅባውን ከነመጣፊያው አሰፉት፤ የአለቃውና የተራው ሰው ልብስ የተለያየ ይሁን። ከካርቱም ባለሙያዎች ብዙዎቹ ዛሬ በስደት ካይሮ፣ ናይሮቢና እዚሁ አዲስ አበባ ናቸው። ጠይቋቸው።