በሁለት ወለሎች መካከል

እናቴ የቤታችንን ክፍሎች የምትለየው በእግሯ ነው። ዐይኗ ከደከመ ቆይቷል። ሳሎን መሆኗን ጣውላው ሲንቋቋ ታውቃለች፤ ኮሪደር መግባቷን የንጣፉ ቅዝቃዜ ይነግራታል፤ ጓዳ ስትደርስ ደግሞ ሊሾው ስለሚያሟልጫት ግድግዳውን ትይዛለች። ይህን እኔ አላውቅም ነበር። ያወቅሁት ባለፈው ክረምት ከኮሪደሩ ወደ ጓዳው ስትሻገር ወድቃ፣ እኔም ወለሉን ሁሉ አንድ ዐይነት ሴራሚክ ላለብሰው ግንበኛ ከጠራሁ በኋላ ነው።

ግንበኛው ልክ ሲወስድ ቆየና፣ «ወንድሜ፣ ይኼ እኮ ሦስት ቤት ነው» አለኝ። እውነቱን ነው።

የአዲስ አበባን አሮጌ ቤቶች ወለል ልብ ብሎ ያየ ሰው የከተማይቱን ታሪክ ከእግሩ ሥር ያገኘዋል። ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የብዙኀኑ ወለል ዐፈር ነበር፤ በእበት ይለቀለቃል፣ በበዓል ቀን ቄጤማ ይጎዘጎዝበታል። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ በግመልና በበቅሎ ጀርባ ይጓጓዝ ስለ ነበር፣ አቅም ያለውም ቢሆን የሚያነጥፈው የአገሩን እንጨት፣ ጥድና ዝግባውን ነው። አያቴም ሳሎናቸውን በዚሁ ልማድ ሠሩት። ጣውላው ከምድር ከፍ ብሎ በአግዳሚ እንጨቶች ላይ ተቸንክሯል። ከሥሩ ነፋስ እንዲመላለስ በመሠረቱ ግንብ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች ተትተዋል፤ እነርሱ ከተደፈኑ የክረምቱ እርጥበት እንጨቱን ከሥሩ ያበሰብሰዋል።

በ1909 ዓ.ም. ሐዲዱ አዲስ አበባ ሲደርስ ከባዱ ዕቃ ቀለለ። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ወራሪው ጣሊያን ገባ። የድሬዳዋ ሲሚንቶ ፋብሪካ የተጀመረው በዚያ የአምስት ዓመት ዘመን ነው። ወራሪው ሲባረር ሲሚንቶውም ቃላቱም ቀሩ፤ ሊሾ የምንለው ልሙጥ ሲሚንቶ ስሙ የጣሊያንኛ ነው፤ ትርጉሙም «ለስላሳ» ማለት ነው። አያቴ ከነጻነት በኋላ የጨመሩት ኮሪደር ባለ አበባ ንጣፍ የለበሰው በዚሁ ጥበብ ነው። ይህ ንጣፍ በእሳት የተተኮሰ ሸክላ አይደለም። ቀለም የተቀላቀለበት ሲሚንቶ በብረት ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ፣ በመጭመቂያ ተጨምቆ፣ እርጥበት እየጠጣ የጠነከረ ነው። ቀለሙ ከላይ ስላልተቀባ፣ ሦስት ትውልድ ረግጦትም አበባው አልጠፋም።

ጓዳው ግን እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ዐፈር ነበር። በዚያ ዓመት በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ በግቢያችን የነበረው የሚከራይ ቤት ሄደ፤ ከእርሱ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ማድ ቤታችንም አብሮ ሄደ። አባቴ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጓዳውን ሊሾ አስደርጎ ማድ ቤት አደረገው። ሥራው የችኮላ ነበርና ወለሉ ከኮሪደሩ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ቀረ። እናቴ የወደቀችው በዚያች ሁለት ጣት ላይ ነው።

ስለ ሴራሚኩ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ልጄ፣ ሁሉን አንድ ካደረግኸው የት እንዳለሁ በምን ልወቅ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሦስቱ ወለሎች ለእኔ የአንድ ቤት አለመስማማት ነበሩ፤ ለእርሷ ግን ዐይኖቿ ነበሩ። ግንበኛውም ቢሆን ጣውላው ከእግር ሥር ስለሚረግብ ሴራሚኩ በላዩ መሰንጠቁ እንደማይቀር ሲነግረኝ፣ ሐሳቤን ተውሁት። ወለሎቹን ሳይሆን መገናኛቸውን ልናበጅ ተስማማን።

እንጨት በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ የሲሚንቶ ንጣፍ ግን ከቦታው ብዙም አይንቀሳቀስም። ሁለቱን አጥብቆ ያጋጠመ ሰው አንዱን በሌላው ያስሰብራል። ስለዚህ በሳሎኑና በኮሪደሩ መካከል ጠባብ ክፍተት ተወና፣ በላዩ ዝቅ ያለ የዋንዛ ደፍ ተደረገበት። ደፉ የተቸነከረው ከጣውላው ጋር ብቻ ነው፤ እንጨቱ ሲያብጥ በንጣፉ ላይ ተንሸራትቶ ይመለሳል። የጓዳው ሊሾ ተጭሮ በላዩ አዲስ ሲሚንቶ ፈሰሰ፤ ከኮሪደሩም ጋር እኩል ሆነ። እንዳያሟልጭም ሻካራ ሆኖ ተተወ። ቀለሙን ከንጣፉ አበባ ጠርዝ ወሰድን፤ ያው የደበዘዘው ቀይ ነው። ከኮሪደሩ ቆሞ ወደ ጓዳው ለሚያይ፣ ሁለቱ ክፍሎች ሳይመሳሰሉ ይዛመዳሉ።

ሥራው ባለቀ ማግስት እናቴ ብቻዋን ከሳሎን ተነሣች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። ጣውላው ተንቋቋ፤ ከዚያ ቆመች፣ አዲሱንም ደፍ በጣቶቿ ዳበሰችው።

«እዚህ ጋ ደፍ አለ፤ አወቅሁት» አለችና፣ ግድግዳውን ሳትይዝ እስከ ጓዳው ሄደች።