የሚስ ሺሊንግ ቀዳዳ

ጀርመን አገር የሚኖር የድሮ ተማሪዬ ትናንት ማታ ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ መኪናዬን ኑርቡርግሪንግ ወስጄ ስነዳት ረጅም ኩርባ ላይ ሞተሩ ይንተፋተፋል፤ ቀጥ ስል ይተወዋል። ፖምፓ ቀየርኩ፣ ፊልትሮ ቀየርኩ፣ ያው ነው» ይላል።

መልሱን ከታች እነግረዋለሁ። መጀመሪያ ግን ክፍል ውስጥ አጉድዬ ያስተማርኳችሁ ታሪክ አለ፤ ዕዳ ነውና ዛሬ ልክፈል።

እ.ኤ.አ. በ1940 እንግሊዝና ጀርመን ሰማይ ላይ ሲተናነቁ፣ የእንግሊዞቹ ስፒትፋየርና ሀሪኬን የሚበሩት በሮልስ ሮይስ መርሊን ሞተር ነበር። ግሩም ሞተር ነው። ነዳጁን የሚያገኘው ግን በካርቡሬተር ነው፤ ያ እጃችሁን አጥቁራችሁ የፈታችሁት ዓይነት፣ ተንሳፋፊና መርፌ ያለው። አብራሪው የአውሮፕላኑን አፍንጫ ድንገት ሲደፋው እሱ ከወንበሩ እንደሚነሳ ሁሉ ነዳጁም ከካርቡሬተሩ ወለል ተነስቶ ጣሪያው ላይ ይለጠፋል። ሞተሩ መጀመሪያ በነዳጅ እጦት ይንተፋተፋል። የባሰው ቀጥሎ ይመጣል፦ ተንሳፋፊው ቦታውን ይስታል፣ መርፌው ወለል ብሎ ይከፈታል፣ ፖምፓው ያለውን ሁሉ ይገፋል። ያኔ ሞተሩ በነዳጅ ብዛት ይታፈንና ጥቁር ጭስ እየተፋ ጉልበቱን ያጣል።

የጀርመኑ ሜሰርሽሚት 109 ነዳጁን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭ ኢንጀክሽን ነበረው። ሲያሳድዱት አፍንጫውን ደፍቶ ውልቅ! እንግሊዙ ሊከተለው ከፈለገ መጀመሪያ አውሮፕላኑን በጀርባው መገልበጥ ነበረበት፤ እስኪገለበጥ ጠላት ሄዷል። ጠላት ያለው ከኋላው ከሆነስ? እሱን አስቡት።

(ለሮልስ ሮይስ መሐንዲሶች ፍትሐዊ እንሁን፤ ካርቡሬተር የመረጡት በድንቁርና አይደለም። ነዳጁ ሱፐርቻርጀሩ ጋ ሳይደርስ ሲተን አየሩን ያቀዘቅዘዋል፣ ያ ደግሞ ጉልበት ይጨምራል።)

መፍትሔው የመጣው ከፋርንቦሮው የንጉሣዊ አውሮፕላን ምርምር ተቋም ነው። ቢያትሪስ ሺሊንግ ትባላለች፤ በ1909 የተወለደች፣ ማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ምህንድስና የተማረች። በ1934 ብሩክላንድስ በሚባለው የውድድር ሜዳ ኖርተን ሞተር ብስክሌቷን በሰዓት 106 ማይል፣ ማለትም 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ያበረረች ሴት ናት። ነዳጅ ሲጎድል ሞተር ምን እንደሚል ከመጽሐፍ ብቻ አልነበረም የምታውቀው።

የሠራችው ነገር ያስቃል። መሃሏ የተበሳች ትንሽ የብረት ቁራጭ፣ የነዳጁ መስመር ላይ የምትገባ። የቀዳዳዋ ስፋት ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ የሚፈልገውን ያህል ብቻ እንዲያሳልፍ ተሰልቷል። መርፌው ቢከፈትም ጎርፍ የለም፤ የመጀመሪያዋ መንተፋተፍ ትቀራለች፣ መታፈኑ ግን ቀረ። አውሮፕላኑን ከሥራ ሳያስወጡ የምትገጠም ስለሆነች፣ ከ1941 መጀመሪያ ጀምሮ ሺሊንግ ከቡድኗ ጋር በየአየር ማረፊያው እየዞረች አስገጠመች። አብራሪዎቹ ስሟን አውጥተው «የሚስ ሺሊንግ ቀዳዳ» አሏት። (ባል አግብታ ዓመታት አልፈዋል፤ ሚስ ማለቱን ግን አልተዉም።) በግፊት የሚሠራው አዲሱ ካርቡሬተር በ1943 እስኪመጣ ያቺ ቁራጭ አገለገለች።

እኔ ይህን ትምህርት ሳስተምር «ኢንጂነሮቹ አንዲት ቀዳዳ አበጅተው ፈቱት» ብዬ ነበር የማልፈው። አንድ ዓመት ክፍሉ ውስጥ አንዲት ሴት ተማሪ ነበረች፤ በሁለተኛው ሴሚስተር ወደ ሌላ ትምህርት ተዛወረች። በዚህ ምክንያት ነው አልልም። ስሟን ግን አውቀው ነበር፣ ሳልጠራው አለፍኩ።

በል እንግዲህ ልጄ፣ የአንተ ነገር። መኪናህ ኩርባ ውስጥ ወደ ጎን የሚጎትታት ኃይል ከክብደቷ ጋር ሲስተካከል፣ ሳልባትዮው ውስጥ ያለው ነዳጅ ፊቱ 45 ዲግሪ ያዘነብላል። ፖምፓው መምጠጫው ባዶ ቀርቶ አየር ይስባል። አዲስ ብትገዛም ያው አየር ነው የሚስበው። ከሁሉ በፊት ሳልባትዮውን ሞልተህ ሞክራት። ከተዋት በሽታው ይሄ ነው። ከዚያ ወይ ነዳጁ እንዳይንሸራተት ውስጡን በክፍልፋይ ታሠራለህ፣ ወይ ከሳልባትዮው ውጪ ሁልጊዜ ሙሉ ሆና የምትቆይ ሁለት ሊትር ገደማ የምትይዝ ትንሽ መጠባበቂያ ታስገባለህ፤ አንዱ ፖምፓ ይሞላታል፣ ሌላው ከሥሯ ለሞተሩ ይስባል፣ ትርፉ ወደ ሳልባትዮው ይመለሳል። እስከዚያ ከግማሽ በታች ይዘህ ኩርባው ውስጥ በኃይል እንዳትገባ፤ ነዳጅ ያነሰው ሞተር በሙሉ ጉልበት ሲሠራ ፒስተን ያቀልጣል።

ፎቶ ላክልኝ።