የቀፎ ልብስ

ቀፎ ያለ ልብስ አይሰነብትም። በአገራችን ከሸምበቆ፣ ከቀርከሃ ወይም ከሐረግ የሚሠራው ድብልብል ቀፎ በጭቃና በእበት ይለሰናል፤ ልስኑም በፀሐይ ሲሰነጠቅ እንደገና ይለሰናል። ይህን የማያውቅ አንባቢ በመካከላችን ጥቂት ነው። የሣንቃ ቀፎ ግን ሌላ ልብስ ይፈልጋል፤ እርሱም ቀለም ነው። ከካምፓችን ዳር የተደረደሩት የሣንቃ ቀፎዎች ቀለማቸው ተልጦ እንጨታቸው ስለ ገረጣ፣ ከዝናቡ በፊት ተፍቀው ይቀቡ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡ ደግ ነው። ነገር ግን በፊታቸው ላይ ወደ ሌላ አገር የተሻገሩ ባለቤቶቻቸው የጻፉት አለ፤ የገዛ ስሙን የጻፈ አለ፣ የወረዳውን ስም የጻፈ አለ። ስለዚህ መፋቂያው ከመነሣቱ በፊት፣ ቀፎ በመቀባት የታወቁ ሰዎችን ታሪክ ልናነሣ ወደድን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሰዎቹ ስሎቬኖች ናቸው፤ በዚያ ዘመን በኦስትሪያ ነገሥታት ሥር ይተዳደሩ ነበር። ቀፏቸው ጠፍጣፋ ሳጥን በመሆኑ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ በአንድ ጣራ ሥር ይቀመጣል፤ ከፊት የምትታየው አንዲት ጠባብ ሣንቃ ብቻ ናት። በዚያች ሣንቃ ላይ ሥዕል መሣል የተለመደው በ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ነው። ዓመት ተጽፎባቸው ከተገኙት ሁሉ የቀደመችው የእመቤታችን ሥዕል ያለባት ስትሆን 1758 ይላል።

ከሠዓሊዎቹ የአብዛኞቹ ስም አልታወቀም። ቀለሙን በተልባ ዘይት ይለውሱት ነበር፤ ይኸው እኛ ቆልተን ወቅጠን ለጾም የምንበጠብጠው ተልባ ነው። ዘይቱ እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ ይደርቅና ይጠነክራል፤ ሥዕሎቹ ደጅ ውለው ደጅ እያደሩ ብዙ ዘመን የቆዩትም በዚህ ነው። በመጀመሪያ የሚሣሉት ቅዱሳን ነበሩ፤ የንብ ጠባቂ የሚሉት ጻድቁ ኢዮብም አንዱ ነው። ኋላ ቀልድ ገባበት። አራዊት ተሰልፈው የአዳኙን አስከሬን ሲሸኙ ተሥሏል። ሰይጣን የሴት ምላስ በመሳያ ድንጋይ ሲስልም ተሥሏል፤ ይህን እኅቶቻችን ባይወዱት አንፈርድባቸውም።

አንቶን ያንሻም የዚህ አገር ሰው ነው። በ1734 ተወልዶ ሥዕል ለመማር ወደ ቪየና ወረደ። በ1770 ግን እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ የንብ እርባታ መምህር አድርገው ሾሙት። በ1773 ሞተ፤ መጽሐፉ ግን ከእርሱ በኋላ ማስተማሩን ቀጠለ።

ገበሬዎቹ ሥዕሉ ንብን ቤቷን ያሳውቃታል ይሉ ነበር። ለዚህ አባባል ፍሬ ያገኘለት ካርል ፎን ፍሪሽ ነው። ከግራጫ ወረቀቶች መካከል በሰማያዊው ላይ ስኳር እያስቀመጠ ንቦችን አለመደ፤ ስኳሩን ቢያነሣውም እነርሱ ሰማያዊውን ለይተው መጡ። በ1914 ይህን አሳተመ፤ በ1973 የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት አንዱ ሆነ። ቀይ ግን ለንብ ከጥቁር አይለይም።

በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ትልልቅ ዘመናዊ ቀፎዎች ሲመጡ ጠባቦቹ ሣንቃዎች ሥራ ፈቱ። ከተረፉት ብዙዎቹ ወደ ቤተ መዘክር ገቡ፤ በራዶቭሊትሳ ከተማ ለንብ እርባታ ብቻ የተለየ ቤተ መዘክር በ1959 ተከፍቷል። ያልተሰበሰቡት የት እንደ ገቡ የሚጠይቅላቸው የለም።

ወደ ራሳችን ቀፎዎች እንመለስ። ንብ ያለበት ቀፎ አይፋቅም፤ ባዶው ይቅደም። ውስጡ አይቀባም፤ ንቦቹ ራሳቸው በሙጫቸው ይለስኑታል። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በውኃ እየራሰ ይፋቅ፤ ብናኙ ሕፃናት አጠገብ አይራገፍ፣ ቅርፍቱም ምድጃ ውስጥ አይግባ። ንቦቹ የለመዱት የፊት ቀለም አይለወጥ። በየፊቱ የተጻፈው ስም አስቀድሞ በደብተር ይገልበጥ፤ ቀለሙ ሲደርቅ በነበረበት ቦታ መልሶ የሚጽፍ እጀ መልካም ሰው በመካከላችን አለ።