ሶርቦስን የሠራው ማን ነው?

ሶርቦስ በተፈጥሮ እምብዛም የማይገኝ ስኳር ነው። ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ፔሉዝ እ.ኤ.አ. በ1852 ሶርቡስ ከሚባለው የአውሮፓ ዛፍ ፍሬ ጭማቂ ባገኘው ጊዜ፥ ስኳሩ የፍሬው የራሱ ሀብት መሰለ። ዳሩ ግን ጭማቂው ብዙ ወራት የቆየ ነበር። በ1896 በርትራን እንዳስረዳው፥ በጭማቂው ያለውን ሶርቢቶል ወደ ሶርቦስ የሚለውጠው ባክቴሪያ ነው። ይኸውም የባክቴሪያው ኤንዛይም ከሶርቢቶል ስድስት ሃይድሮክሲሎች አንዱን ብቻ ለይቶ ኦክሲዳይዝ ስለሚያደርግ ነው፤ በተራ ኬሚካል እንዲህ መለየት እጅግ ያስቸግራል። ራይክስታይንና ግሩስነር በ1934 ቫይታሚን ሲን ከግሉኮስ የሚሠሩበትን መንገድ ሲያወጡ፥ ይህንኑ ደረጃ ለባክቴሪያው ተዉለት፤ ቫይታሚኑም በፋብሪካ በብዛት ለመሠራት በቃ። እንግዲህ ድሉን ለኬሚስቶች ብቻ የሚሰጥ ታሪክ ጎደሎ ነው።